የፋየርዎል ማስተዳደሪያ ሰርቨርን ወደ አዲስ ማሽን ማዛወር፦ ከመጠባበቂያ ቅጂ እስከ ማረጋገጫ

በሪያድ የሚገኙ ባንኮች፣ ሆስፒታሎች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዕለታዊ አገልግሎታቸውን የሚሰጡት በኔትወርክ አማካይነት ነው። የሠራተኛው ደመወዝ ወደ ሂሳቡ ሲገባ፣ ኢቃማ ሲታደስ ወይም ወደ አገር ቤት ገንዘብ ሲላክ፣ መረጃው ፋየርዎል በተሰኘ የጥበቃ መሣሪያ እየተፈተሸ ያልፋል። ፋየርዎል በተቋሙ የውስጥ ኔትወርክና በውጭው ዓለም መካከል ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚለይ ሲሆን፣ በዓረብኛ «ጂዳር አል-ሒማያ» ማለትም «የጥበቃ ግድግዳ» ተብሎ ይጠራል። በርካታ ፋየርዎሎች ባሉት ተቋም ውስጥ ሁሉንም ከአንድ ቦታ የሚመራቸው ማስተዳደሪያ ሰርቨር ነው።

ይህ ሰርቨር እንደ ማንኛውም ማሽን ያረጃል። ዲስኩ ይደክማል፣ የአምራቹ ድጋፍ ጊዜ ያበቃል፣ አዲሱ የፕሮግራም ዕትምም ከአሮጌው ማሽን አቅም በላይ ይሆናል። በዚህ ጊዜ በውስጡ ያለው ሁሉ ወደ አዲስ ማሽን መዛወር ይኖርበታል። ሥራው ተራ የፋይል ግልበጣ ሊመስል ቢችልም፣ የሚዛወረው ግን የተቋሙ የጥበቃ ደንብና መሣሪያዎቹ እርስ በርስ የሚተዋወቁበት ማረጋገጫ ጭምር ነው። ስለዚህ አሮጌው ማሽን ከመነካቱ በፊት መጠባበቂያ ቅጂው በሌላ ማሽን ላይ ተከፍቶ መሥራቱ መረጋገጥ አለበት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማስተዳደሪያው ሰርቨር ድርሻ

የአንድ ትልቅ ግቢ ጥበቃን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። በየበሩ የቆመው ዘበኛ ማን እንደሚገባና ማን እንደማይገባ የሚያውቀው ከጥበቃ ኃላፊው በተሰጠው ዝርዝር ነው። ኃላፊው ለአንድ ቀን ከቢሮው ቢቀር ዘበኛው የመጨረሻውን ዝርዝር ይዞ ሥራውን ይቀጥላል፤ አዲስ ትእዛዝ ግን አይደርሰውም። ፋየርዎሎቹ የበሩ ዘበኞች፣ ማስተዳደሪያው ሰርቨር ደግሞ የኃላፊው ቢሮ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው፣ ማስተዳደሪያው ሰርቨር ለጊዜው ቢጠፋም ፋየርዎሎቹ በመጨረሻ የተጫነላቸውን ደንብ ይዘው መሥራታቸውን ስለሚቀጥሉ፣ ዝውውሩ አገልግሎት ሳይቋረጥ ሊከናወን ይችላል። በመሆኑም ባለሙያው የሚያስቸኩለው ነገር የለም። ሁለተኛው፣ ሰርቨሩ ያለ ቅጂ ቢጠፋ ለዓመታት የተጠራቀሙት ደንቦች አንድ በአንድ በእጅ እንደገና መጻፍ ሊኖርባቸው ነው። በትልቅ ተቋም እነዚህ ደንቦች በሺዎች ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ የብዙዎቹን ምክንያት የሚያውቀው ሠራተኛም ሥራ ለቅቆ ሊሆን ይችላል።

ሰርቨሩ የሚጠፋበት ጊዜ ገደብ እንዳለው ግን መዘንጋት አይገባም። በዚያ ጊዜ ፋየርዎሎቹ የክንውን መዝገባቸውን፣ በተለምዶ ሎግ የሚባለውን፣ በራሳቸው ዲስክ ላይ ያቆያሉ፤ ዲስኩም ይሞላል። በአንዳንድ ምርቶች ላይ ቅርንጫፎችን የሚያገናኙት የቪፒኤን መስመሮች የተሰረዙ ሰርተፍኬቶችን ዝርዝር የሚያገኙት ከዚሁ ሰርቨር ነው። ዝርዝሩ ጊዜው አልፎ ካልታደሰ መስመሮቹ ሊቋረጡ ይችላሉ።

ካለፉት ጥቃቶች የተገኘው ትምህርት

ኢንተርኔት በሳዑዲ ዓረቢያ ለሕዝብ ክፍት በሆነበት በ1999 የአገሪቱ ዓለም አቀፍ የመረጃ ፍሰት ያልፍ የነበረው በሪያድ በሚገኘው የንጉሥ አብዱልዓዚዝ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ከተማ በኩል ነበር። ዛሬም ሚኒስቴሮች፣ የሳዑዲ ማዕከላዊ ባንክና የብዙ ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች የሚገኙት በዚችው ከተማ ነው።

አገሪቱ የመጠባበቂያ ቅጂን ዋጋ በተግባር ያየችው ኦገስት 15 ቀን 2012 ነው። በረመዳን የመጨረሻ ቀናት፣ ብዙ ሠራተኞች ለዒድ ዕረፍት በወጡበት ወቅት፣ ሻሙን የተባለው አጥፊ ፕሮግራም በሳዑዲ አራምኮ ላይ ተለቆ በ30,000 ገደማ ኮምፒውተሮች ላይ ጉዳት አደረሰ። የነዳጅ ማምረቻውን የሚመሩት ሥርዓቶች በተለየ ኔትወርክ ላይ ስለነበሩ ምርቱ አልተቋረጠም። ፕሮግራሙ ኖቬምበር 17 ቀን 2016 እንደገና ብቅ አለ። ማጥፋት እንዲጀምር የተቀመጠለት ሰዓት ሐሙስ ከምሽቱ 2፡45፣ ማለትም የሥራ ሳምንቱ ካበቃ በኋላ ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ በተሰናዳው ሁለተኛ ዙር ጥቃት ውስጥ የደኅንነት ተመራማሪዎች አንድ አዲስ ነገር አገኙ፤ አጥቂዎቹ የምናባዊ ኮምፒውተሮች ማስተዳደሪያ ሥርዓት የመግቢያ ስሞችንና የይለፍ ቃሎችን በፕሮግራሙ ውስጥ አካትተው ነበር። የጠፋን ኮምፒውተር ከቅጽበታዊ ምስል በቶሎ መመለስ የሚቻለው በዚያ ሥርዓት በኩል ስለሆነ፣ ዒላማቸው የማገገሚያው መንገድ ራሱ እንደነበር ይገመታል። ከሥራ ማሽኑ ጋር በአንድ ሥርዓት ላይ የተቀመጠ ቅጂ ከማሽኑ ጋር አብሮ ሊጠፋ እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በ2017 ብሔራዊ የሳይበር ደኅንነት ባለሥልጣን በንጉሣዊ ትእዛዝ ተቋቋመ። ባለሥልጣኑ በ2018 ያወጣው «መሠረታዊ የሳይበር ደኅንነት መቆጣጠሪያዎች» የተሰኘ ሰነድ 114 መቆጣጠሪያዎችን የያዘ ሲሆን፣ በ2024 ተሻሽሎ ወጥቷል። የ2018ቱ ዕትም ስለ መጠባበቂያ ቅጂ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፤ ቅጂው ወሳኝ የሆኑ ንብረቶችን ሁሉ እንዲሸፍን፣ ከጥቃት በኋላ በፍጥነት ማገገም እንዲቻል፣ እንዲሁም ከቅጂው የመመለስ ብቃት በየጊዜው እንዲፈተሽ። የሳይበር ደኅንነት ሎጎች ቢያንስ ለ12 ወራት እንዲጠበቁም ያዛል። ስለዚህ ማስተዳደሪያ ሰርቨሩን ሲያዛውር ሎጎቹን የተወ ተቋም ሥራውን አልጨረሰም።

የሚዛወረው ምንድን ነው?

ከዝውውሩ በፊት በሰርቨሩ ውስጥ ያለው ነገር ተለይቶ መመዝገብ አለበት። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ደንቦችና ስሞች፦ ማን ወዴት ማለፍ እንደሚችል የሚወስኑት ደንቦች፣ እንዲሁም በደንቦቹ ውስጥ የሚጠሩት የሰርቨሮች፣ የኔትወርኮችና የቡድኖች ስሞች።

ሰርተፍኬቶችና ቁልፎች፦ ማስተዳደሪያውና ፋየርዎሎቹ እርስ በርስ የሚተዋወቁባቸው። እነዚህ ካልተዛወሩ ፋየርዎሉ አዲሱን ሰርቨር እንደ እንግዳ ቆጥሮ ትእዛዙን አይቀበልም፤ ባለሙያውም በየቅርንጫፉ ያለውን መሣሪያ እንደገና ለማስተዋወቅ ይገደዳል።

የአስተዳዳሪዎች መለያዎች፦ ማን ምን የመለወጥ ሥልጣን እንዳለው የሚያሳዩ።

ፈቃዶች፦ በብዙ ምርቶች ፈቃዱ ከሰርቨሩ መለያ ቁጥር ወይም ከአይፒ አድራሻው ጋር የተሳሰረ ነው። ስለዚህ ከአምራቹ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ሎጎች፦ ብዙ ቦታ የሚይዙ በመሆናቸው አብዛኛውን ጊዜ ለብቻቸው ይዛወራሉ።

የሥርዓቱ ቅንብሮች፦ አይፒ አድራሻ፣ የመረጃ መንገዶች፣ የስም አገልግሎትና የሰዓት ማስተካከያ።

ሦስት ዓይነት ቅጂዎች

ቅጽበታዊ ምስል ወይም ስናፕሾት የዲስኩን ሙሉ ገጽታ እንዳለ ይይዛል። በዚያው ማሽን ላይ ወደ ኋላ ለመመለስ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የአሮጌውን ማሽን ክፍሎች ዝርዝር ጭምር ስለሚሸከም በተለየ ማሽን ላይ ላይነሣ ይችላል። ሙሉ መጠባበቂያ ቅጂ፣ በተለምዶ ባክአፕ የሚባለው፣ የሥርዓቱን ቅንብርና የማስተዳደሪያውን የመረጃ ቋት ይይዛል፤ ብዙ ጊዜ የሚመለሰውም ተመሳሳይ ሞዴልና ተመሳሳይ ዕትም ባለው ማሽን ላይ ነው። ሦስተኛው የመረጃ ቋቱን ብቻ ለይቶ የሚያወጣ ኤክስፖርት ሲሆን፣ ከማሽኑ ዓይነት ነጻ በመሆኑ ወደ አዲስ ማሽን ለመሸጋገር ይበልጥ ይመቻል።

ዝርዝሩ ከአምራች ወደ አምራች ይለያያል። በሲስኮ ማስተዳደሪያ ሰርቨር ላይ ተራው ቅጂ የሚመለሰው ሞዴሉም ዕትሙም ሲመሳሰል ነው፤ ወደ ሌላ ሞዴል ለመሻገር የተለየ አሠራር አለ። ፎርቲኔት ከሞዴል ወደ ሞዴል ለመሸጋገር ራሱን የቻለ ትእዛዝ አዘጋጅቷል። በፓሎ አልቶ ኔትወርክስ ምርት ላይ ምስጢሮቹ የተመሰጠሩበት ዋና ቁልፍ በአዲሱ ማሽንም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። በዚህ የተነሣ የአምራቹን መመሪያ ለያዙት ዕትም በተጻፈበት መልኩ ማንበብ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

የዕትም አለመመሳሰል የሚያስከትለውን ጉዳት የጊትላብ ኩባንያ ታሪክ ያሳያል። ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ባለሙያ የመረጃ ቋቱን በስሕተት ሲሰርዘው ኩባንያው ወደ ቅጂዎቹ ፊቱን አዞረ። በየዕለቱ ይወጣል የተባለው ቅጂ ግን አልነበረም፤ ቅጂውን የሚያወጣው ፕሮግራም ዕትም ከመረጃ ቋቱ ዕትም ጋር ስላልተስማማ ሥራው ሳይታወቅ ሲከሽፍ ቆይቷል። ኩባንያውን ያዳነው ከስድስት ሰዓታት በፊት ለሌላ ሥራ የተወሰደ ቅጽበታዊ ምስል ነበር።

የዝውውሩ ቅደም ተከተል

1. ለውጥ ማቆምና ማጣራት። ቅጂው ከሚወጣበት ሰዓት አንሥቶ ዝውውሩ እስኪጠናቀቅ በደንቦቹ ላይ ለውጥ እንዳይደረግ ለሁሉም አስተዳዳሪዎች ይነገራል፤ በመካከል የገባ ለውጥ በአዲሱ ሰርቨር ላይ አይገኝምና። የደንቦች፣ የስሞችና የፋየርዎሎች ብዛት በጽሑፍ ይያዛል።

2. ቅጂውን ማውጣትና ማተም። ኤክስፖርቱና ሙሉ ቅጂው ይወጣሉ። ለእያንዳንዱ ፋይል የማረጋገጫ ቁጥር፣ ለምሳሌ በኤስኤችኤ-256 ስሌት፣ ይወሰድለታል፤ ፋይሉ በደረሰበት ቦታ ስሌቱ ተደግሞ ሁለቱ ቁጥሮች ካልተመሳሰሉ ፋይሉ በመንገድ ተበላሽቷል ማለት ነው። ከቅጂዎቹ አንዱ ከኔትወርክ ውጭ፣ ሌላው ደግሞ ከሕንፃው ውጭ ይቀመጣል። ሴፕቴምበር 26 ቀን 2025 በደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ በሚገኝ የመንግሥት መረጃ ማዕከል ባትሪዎችን በማዛወር ሥራ ላይ ሳለ እሳት ተነሥቶ ከ600 በላይ የመንግሥት አገልግሎቶች ቆመዋል። የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዶቻቸውን የሚያስቀምጡበት አንድ ግዙፍ ሥርዓትም በሌላ ቦታ ቅጂ ስላልነበረው ሙሉ በሙሉ ወድሟል።

3. አዲሱን ማሽን ለብቻው ማዘጋጀት። ማሽኑ ከሥራው ኔትወርክ ተለይቶ ይተከላል። የፕሮግራሙ ዕትም ከነማሻሻያዎቹ ከአሮጌው ጋር እንዲመሳሰል ይደረጋል፤ ዕትም ማሳደግ ካስፈለገ ዝውውሩ ካበቃ በኋላ በሌላ ቀን ቢሆን ይመረጣል። ሁለት ለውጦች በአንድ ሌሊት ከተደረጉ ችግር ሲፈጠር መንሥኤውን መለየት ያዳግታል። ሰዓቱም መስተካከል አለበት፤ የተዛባ ሰዓት ያለው ሰርቨር ትክክለኛ ሰርተፍኬትን ጊዜው እንዳለፈ ሊቆጥር ይችላል።

4. ማስገባትና ማነጻጸር። ቅጂው በአዲሱ ማሽን ላይ ይገባል። ቀደም ሲል የተያዙት ብዛቶች ይነጻጸራሉ፤ ከደንቦቹ ጥቂቶቹ ተከፍተው ይታያሉ፤ አስተዳዳሪዎች መግባት መቻላቸው ይሞከራል። ይህ እርምጃ የቅጂው እውነተኛ ፈተና ነው። ካልተሳካ አሮጌው ሰርቨር ሳይነካ በሥራው ላይ ስለሚገኝ የሚጠፋ ነገር የለም።

5. መቀየር። የአሮጌው ሰርቨር ኬብል ይነቀላል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ አዲሱ ይሰካል። ሁለቱ በአንድ አድራሻ በአንድ ጊዜ በኔትወርኩ ላይ መታየት የለባቸውም። አዲሱ ሰርቨር የተለየ አይፒ አድራሻ የሚይዝ ከሆነ ግን አስቀድሞ የሚሠራ ሥራ አለ፤ አዲሱን አድራሻ የሚፈቅድ ደንብ በአሮጌው ሰርቨር በኩል በሁሉም ፋየርዎሎች ላይ መጫን ይኖርበታል። ይህ ከተዘነጋ ፋየርዎሎቹ አዲሱን አለቃቸውን ራሳቸው ያግዱታል።

6. ከአንድ ፋየርዎል መጀመር። ደንቡ በመጀመሪያ የሚጫነው ጉዳት ቢደርስ ቀላል በሆነበትና ባለሙያ በአጠገቡ ባለበት መሣሪያ ላይ ነው። አገልግሎቱ ከተፈተሸ በኋላ ሌሎቹ በቡድን በቡድን ይከተላሉ። ከሪያድ ርቀው የሚገኙና በቦታው ቴክኒሻን የሌላቸው ቅርንጫፎች መጨረሻ ላይ ይደረጋሉ።

7. ሎጎችንና አዲሱን ቅጂ ማረጋገጥ። ፋየርዎሎቹ ሎጋቸውን ወደ አዲሱ ሰርቨር መላክ መጀመራቸው ይታያል፤ የቆዩት ሎጎች ይዛወራሉ። በዚያው ዕለት የአዲሱ ሰርቨር የመጀመሪያ መጠባበቂያ ቅጂ ይወጣል፣ የወደፊቶቹም መርሐ ግብር ይያዝላቸዋል።

ሌሊቱን መምረጥ

በሳዑዲ ዓረቢያ የሳምንቱ መጨረሻ ከ2013 ወዲህ ዓርብና ቅዳሜ በመሆኑ፣ ለእንዲህ ያለ ሥራ ሐሙስ ማታ ይመቻል። የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ በየወሩ በ27ኛው ቀን የሚከፈል ስለሆነ ባንኮች በዚያ ሰሞን ለውጥ ከማድረግ ቢቆጠቡ ይበጃል። የሐጅ ወቅትና የረመዳን መጨረሻም እንዲሁ ናቸው። የሻሙን አጥቂዎች የመረጧቸው ቀናት ሲታዩ ግን ባዶ ቢሮ ለባለሙያው እንደሚመቸው ሁሉ ለአጥቂም እንደሚመች ግልጽ ነው። ስለዚህ በዝውውሩ ሌሊት ኔትወርኩን ብቻ የሚከታተል ሌላ ሠራተኛ ሊመደብ ይገባል።

የሥርዓት ለውጥ ሌሊት ሕዝብን በቀጥታ ሊነካ እንደሚችል ለኢትዮጵያውያን አንባብያን የሚያስታውሰው መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ያጋጠመው ችግር ነው። ጉዳዩ ከፋየርዎል ጋር የተያያዘ አልነበረም፤ ባንኩም የሳይበር ጥቃት አለመሆኑንና ከሥርዓት ማሻሻያ ሥራ ጋር የተገናኘ መሆኑን ገልጿል። ይሁን እንጂ ችግሩ ታውቆ አገልግሎቱ እስኪቆም ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ አውጥተው፣ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለአግባብ ተወስዶ ነበር።

በዚህ ምክንያት ወደ ኋላ የመመለሻው ሰዓት ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይወሰናል። ለምሳሌ ሥራው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተጀምሮ እስከ ንጋቱ 10 ሰዓት አንድ ፋየርዎል እንኳ ከአዲሱ ሰርቨር ደንብ መቀበል ካልቻለ፣ አዲሱ ተነቅሎ አሮጌው ይመለሳል የሚል ስምምነት ሊኖር ይችላል። የደከመ ባለሙያ «ትንሽ ቀርቶኛል» እያለ እስከ ጠዋት እንዳይቀጥል የሚጠብቀው ይህ ውሳኔ ነው። አሮጌው ማሽንም አዲሱ ለጥቂት ሳምንታት ያለ ችግር እስኪሠራ ድረስ ከነዲስኩ ተጠብቆ ይቆያል።

ቅጂው ራሱ ምስጢር ነው

የማስተዳደሪያ ሰርቨር ቅጂ የተቋሙን ኔትወርክ ሙሉ ካርታ፣ የመግቢያ ስሞችንና የተመሰጠሩ የይለፍ ቃሎችን ይይዛል። በኦክቶበር 2024 ይፋ በሆነ አንድ ክፍተት አጥቂዎች ወደ ፎርቲኔት ማስተዳደሪያ ሰርቨሮች በመግባት የሚመሯቸውን ፋየርዎሎች ቅንብር ይወስዱ እንደነበር ታውቋል። ሶኒክዎል የተባለው ኩባንያ ደግሞ በሴፕቴምበር 2025 የደንበኞቹ የፋየርዎል ቅንብር ቅጂዎች ከሚቀመጡበት የክላውድ አገልግሎት ፋይሎች በማይገባ እጅ መነካታቸውን አስታውቋል። በመጀመሪያ የተነኩት ከመቶ አምስት የማይሞሉ ናቸው ተብሎ ነበር፤ በኋላ ግን አገልግሎቱን የተጠቀሙ ደንበኞችን ሁሉ እንደሚመለከት ተረጋግጧል።

ስለዚህ ቅጂው በምስጠራ መቆለፍ፣ የመክፈቻው ቃል ከቅጂው ጋር በአንድ ቦታ አለመቀመጥ፣ በሠራተኛ የግል ላፕቶፕ ወይም ፍላሽ ላይ አለመቅረትም ይኖርበታል። አሮጌው ማሽን ጊዜው ሲደርስ ከመሸጡ ወይም ከመጣሉ በፊት ዲስኩ በአግባቡ ይጠፋል ወይም ይሰበራል፤ ይህም በሰነድ ይመዘገባል።

ነዋሪው ማወቅ ያለበት

ተቋማት የጥገና ሰዓት ሲያስታውቁ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ የተገለጸውን ዓይነት ሥራ ለማከናወን ነው። የኢቃማ እድሳትን፣ የመውጫና መመለሻ ቪዛን ወይም አስቸኳይ ገንዘብ መላክን እስከ መጨረሻው ቀን አለማቆየት ከእንዲህ ያለው መጉላላት ይጠብቃል።

አጭበርባሪዎችም ይህን ወቅት ሊጠቀሙበት እንደሚችሉ ማስተዋል ይገባል። «ሥርዓቱ ወደ አዲስ ሰርቨር ስለተዛወረ የአብሸር ወይም የባንክ መረጃዎን እንደገና ያስገቡ» የሚል መልእክት ከደረሰ ማታለያ ነው። በዚህ ጽሑፍ እንደተብራራው፣ የፋየርዎል ማስተዳደሪያ ሰርቨር ሲዛወር በደንበኛው በኩል የሚደረግ ምንም ነገር የለም፤ ከእርሱ የሚፈለግ የይለፍ ቃልም ሆነ በስልክ የሚደርስ የማረጋገጫ ቁጥር የለም። አጠራጣሪ አጭር መልእክቶችን ወደ 330330 በማስተላለፍ ማመልከት ይቻላል፤ ገንዘብ የተወሰደበት ሰው ደግሞ ለባንኩ ወዲያውኑ ማሳወቅና «ኩሉና አምን» በተሰኘው መተግበሪያ ለጸጥታ አካላት ማመልከት ይችላል።